ቀን ያልተጻፈባቸው ሰባት ደብዳቤዎች

መጀመሪያ ሽቦውን ታወጣለች። የአውራ ጣቷን ጥፍር ከስቴፕለሩ ሽቦ ሥር ትሰካና አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን፤ ወረቀቱ ሳይቀደድ ሽቦው መዳፏ ላይ ነው። ከዚያ የድጋፍ ማስታወቂያውን ገጾች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ ከመሃል ወደ ዳር ትዳምጣቸዋለች። መቀሱ የልብስ ሰፊ መቀስ ነው፤ ጥቁር እጀታ ያለው፣ ከባድ። «አመልካቹ ማቅረብ አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ባየች ቁጥር ዙሪያውን ቆርጣ እንደ ጥብጣብ ታወጣዋለች። ጥብጣቡን ጨርቅ በለበሰው የግድግዳ ሰሌዳ በስተግራ በስፒል ትወጋዋለች። በስተቀኝ፣ ትይዩው ላይ፣ ኮሌጁ ያንን ነገር ማሟላቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይሰካል። ማስረጃ ማለት በቃል የተነገረ አይደለም፤ ወረቀት ነው፣ ፎቶ ነው፣ ወይም ራሷ በሜትር የለካችው ልክ ነው። ማስረጃው እስኪመጣ ቦታው ባዶ ይቆያል። በዚያ በኩል ያለፈ የክፍል ኃላፊ ሁሉ «ያ ባዶው የኔ ይሆን?» ብሎ መደንገጡ አይቀርም።

ሁሉም ተቆርጦ ሲያልቅ ከማስታወቂያው የሚተርፈው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ወረቀት ነው። እሱንም አትጥለውም። ወደ መብራቱ አንስታ የቀረውን ታነባለች።

«ግዴታውንማ ነግረውናል» ትላለች። «እኔን የሚያሳስበኝ ሳይነግሩን የሚፈልጉት ነው።»

ኮሌጁ ውስጥ ወንፊት ይሏታል። ስሙ ከዚያ ቀዳዳ ወረቀት ይምጣ ከጠባይዋ፣ የሚያስታውስ የለም። እሷም ታውቃለች፤ ፊት ለፊት የጠራት ግን እስካሁን አልተገኘም።

ወንፊት የቴክኒክ ኮሌጁ የዕቅድና የፕሮጀክት ባለሙያ ናት። ሥራዋ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ከመደበኛው በጀት ውጭ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶችን ፈልጎ ማግኘት፣ ማን ለምን እንደሚሰጥ ማጣራት፣ ማመልከቻ አዘጋጅቶ በቀኑ ማስገባት። ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መጋዘኑ አጠገብ ነው። ድሮ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበር ዝናብ በመጣ ቁጥር ዛሬም በረኪና በረኪና ይሸታል። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ኮሪደሩ ነው። ለሌላ ሰው ይሄ ቅጣት ነው፤ ለሷ ሹመት። ማን ወደ ዲኑ ቢሮ እንደገባ፣ ባዶ እጁን ገብቶ ፖስታ ይዞ የወጣው ማን እንደሆነ ከወንበሯ ሳትነሳ ታያለች።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። በሃያ ሁለት ዓመቷ በአንድ የስፌት ማሠልጠኛ ንድፍ ቆራጭ ሆና ስትሠራ፣ አርባ የፋብሪካ ስፌት መኪናዎች በስጦታ መጡ። ጥብጣብ ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳ። ሳጥኖቹ ሲከፈቱ መኪናዎቹ የሚሠሩት በባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ ሆኖ ተገኘ፤ ሕንፃው ያለው ባለ አንድ ፌዝ ነበር። ስጦታ ነው ተብሎ ማንም አልጠየቀም ነበር። መኪናዎቹ ላስቲክ እንደለበሱ ዛጉ። ማሠልጠኛውም «የተሰጠውን መጠቀም ያልቻለ» የሚል ስም ተለጥፎበት በዓመቱ ተዘጋ፤ እሷም ከሥራ ወጣች።

«የገደለን ማጣት አይደለም» ትላለች ይህን ስታነሳ። «የገደለን ሶኬቱን ሳያዩ እልል ማለት ነው።»

ስለዚህ ሌሎች ኮሌጆች ማስታወቂያ ሲወጣ ዕቅድ ለማውጣት ሲራወጡ፣ እሷ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላ አስቀድማ የፍላጎት መዝገብ ትይዛለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰባቱንም የትምህርት ክፍሎች ትዞራለች። የጎደላቸውን ይነግሯታል፤ እሷ አታምናቸውም፤ ሜትሯን ይዛ ትወርዳለች። ሃያ ኮምፒውተር ጎደለኝ ላለ ሰው መልሷ «ስንት ጠረጴዛ አለህ? ስንት ሶኬት? ቁልፉስ ማን ኪስ ነው ያለው?» ነው።

ቤቷም ስትገባ ሌላ ሰው አይደለችም። ባለቤቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቀልደኛ ሰው። አንድ ጠዋት ብርጭቆ ውሃ ወደ መስኮቱ አንስታ ስትመረምር አይቶ፣

«አንቺ ሴት፣ ሌላው ሰው ስንጥር የሚፈልገው ከገንፎ ውስጥ ነው፤ አንቺ ከውሃም ውስጥ ጀመርሽ?» አላት።

«ውሃው አንተ ከዘረጋኸው ቧንቧ ከመጣ አላጣም» አለችው።

ዘንድሮ ነገሩ የመጣው በብየዳ ክፍሉ በኩል ነው። የብየዳ መምህሩን ጭምብል እንለዋለን፤ መምህራን ክፍል ገብቶ ጋዜጣ ሲያነብ እንኳ የብየዳ ጭምብሉን ከግንባሩ ላይ አያወርድም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ ቆይቷል፤ ሲያስል ከታች ወርክሾፕ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይሰማል። ክፍሉ አሥራ አራት ሜትር በዘጠኝ ነው፤ ዘጠኝ የመበየጃ ቦታ፣ ሁለት መስኮት አለው፤ ሁለቱም መስኮቶች በተደራረበ ቀለም ተጣብቀው አይከፈቱም። ጭስ የሚስብ ማሽን የለም። በተርሙ መጀመሪያ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው መጥቶ አየና ቀይ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈ፦ እስከ ተርሙ ማብቂያ ጭስ መሳቢያ ካልተገጠመ ወርክሾፑ ይዘጋል። ኃምሳ ስምንት ሠልጣኞች ደጅ ይቀራሉ፤ ጭምብልም ከነጭምብሉ።

ኮሌጁ ለዚህ የሚሆን በጀት አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ወንፊት አንድ ማስታወቂያ አገኘች፤ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለቴክኒክ ኮሌጆች ወርክሾፕ ደኅንነት ድጋፍ ይሰጣል። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው። ከጥብጣቦቹ መካከል ሁለት ስፒል የወጋችበት አንድ ነበር፦ «አንድ ተቋም በዋናነትም ሆነ በተባባሪነት በአንድ ማመልከቻ ብቻ ይሳተፋል። በሁለት ከተገኘ ሁለቱም ይሰረዛሉ።»

በዚያው ሰሞን ምክትል ዲኑ አንድ ሰው ይዞ ክፍሏ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር ቦርሳ ከብብቱ የማይለይ ሰው።

«አማካሪ ናቸው» አለ ምክትል ዲኑ። «ሊረዱን ነው የመጡት።»

«በምን?»

«ማመልከቻውን አብረን እናየዋለን እመቤቴ» አለ ባለ ቦርሳው ፈገግ ብሎ። «ክፍያ አልጠይቅም። ለወገን ነው።»

«ይባርክዎ። መጨረሻ የረዱት ኮሌጅ የትኛው ነው?»

«ኧረ ብዙ ናቸው!»

«አንዱን ይንገሩኛ። ደውዬ ላመስግናቸው።»

ባለ ቦርሳው ሳቀ። ምክትል ዲኑ አልሳቀም። ሰውየው ሲወጣ የሚያብረቀርቅ እስክሪብቶ ጠረጴዛዋ ላይ ትቶላት ሄደ። ወንፊት እስክሪብቶውን ፈታችው፤ ስፕሪንጉን አወጣች፤ ቀለሙን አየች፤ መልሳ ገጠመችው። የዲኑ ጸሐፊ በመስኮቱ ቆማ ታያት ነበር።

«ምን አገኘሽ እህቴ?»

«ቀለም።»

«ታዲያ ምን ጠበቅሽ?»

«ክፍያ የማይጠይቅ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቷን አልለቀቀችም። ባለ ቦርሳው ሁለት ጊዜ ወደ ምክትል ዲኑ ሲገባ አየችው፤ ሰዓቱን ጻፈችው። ከኮሪደሩ መስኮት የማይታየው ግን የታችኛው የወርክሾፖቹ በር ነው።

ማመልከቻውን ረቡዕ ጠዋት በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገባች። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ከታች ግን አንድ ቢጫ መስመር ብቅ አለ፦ «ይህ ተቋም በሌላ ማመልከቻ ተባባሪ ሆኖ ተመዝግቧል። እስከ መዝጊያው ሰዓት ካልተስተካከለ ሁለቱም ይሰረዛሉ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ጸሐፊዋ ሄደች። ዲኑ መንገደኛ ነው፤ በመንገድ ላይ ሳለ ሥራ እንዳይቆም ፈርሞ ማህተም ያሳረፈባቸውን ባዶ ወረቀቶች ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ወንፊት ይህን ልማድ ስትቃወም ዓመታት አልፈዋል።

«ባዶዎቹን ቁጠሪልኝ።»

«አሁን ደግሞ ሌባ አደረግሽን?»

«ሌባ ቢሆንማ ቀላል ነበር። ሌባ የሚሰርቀውን ያውቃል፤ እኔ የምፈራው ደግ ሰው ነው። ቁጠሪ።»

አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አሥራ ሁለት ተገኙ። ወንፊት ራሷ በየጀርባቸው በእርሳስ ቁጥር ጽፋባቸው ስለነበር አንድም አልተተካም።

ወደ ምክትል ዲኑ ተሻገረች።

«ያ ባለ ቦርሳው የት ነው የሚሠራው?»

«የራሱ ማሠልጠኛ አለው መሰለኝ፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ።»

«መሰለኝ?»

«የባለቤቴ እህት ጎረቤት ነው። እረዳለሁ ሲለኝ አመጣሁት። ወንጀል ነው እንዴ?»

«እስካሁን አይደለም» ብላ ወጣች።

ወደ ድርጅቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምጿ ትሁት ነው፤ የሌላውን አመልካች ወረቀት ማሳየት ግን አይፈቀድም አለች።

«ወረቀቱን አላልኩም ልጄ። ደብዳቤው የኛ ነው የሚባል ከሆነ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ብቻ።»

ልጅቱ ፋይሉን ገልጣ ቁጥሩን ነገረቻት። ወንፊት መዝገቧን ከመደርደሪያ አውርዳ ገለጠች፤ የዘንድሮን፣ የአምናን፣ የካቻምናን። ቁጥሩ ከሦስት ዓመት በፊት ካለው ገጽ ላይ ተገኘ። ጽሕፈቱ የራሷ ነው።

በዚያ ዓመት የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ነበረባት፤ ስድስት ሳምንት ልትተኛ። እሷ በሌለችበት ማስታወቂያ ወጥቶ እንዳያልፍ ፈርታ አንድ አጠቃላይ የድጋፍ ደብዳቤ አዘጋጀች። «ኮሌጃችን ከአመልካቹ ጋር በተባባሪነት ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ቀን የለውም፤ የፕሮጀክት ስም የለውም፤ አመልካቹ ማን እንደሆነ አይናገርም። ያን ጊዜ የነበሩት ዲን ፈረሙ፤ ሰባት ቅጂ በየራሱ ቁጥር ወጣ፤ ለሰባቱ የትምህርት ክፍሎች አንድ አንድ ታደለ። ከሕክምና ስትመለስ መሰብሰብ ነበረባት። አልሰበሰበችም። ጸሐፊዋን በመሳቢያዋ ውስጥ ባሉ ባዶ ወረቀቶች ስትወቅስ የኖረች ሴት፣ ከባዶ ወረቀት የባሰ ሰባት ወረቀት ለቃ ተቀምጣ ነበር።

ቁጥሩ ለብየዳ ክፍሉ የተሰጠው ቅጂ ነበር፤ መዝገቡን በብብቷ ይዛ በደረጃው ወረደች።

ብየዳ ክፍሉ ውስጥ ሠልጣኞች ለዕረፍት ወጥተው ነበር። ጭምብል ብረት እየሞረደ አገኘችው።

«ወንድሜ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የሰጠሁህ ደብዳቤ የት አለ?»

ሞረዱ ቆመ። ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ መዋሸት የማይችል ሰው ነው።

«ሰጠሁት።»

«ለባለ ቦርሳው?»

«እዚህ ድረስ መጣ እትዬ። "ማመልከቻችሁን በኔም በኩል ላስገባላችሁ፤ አንዱ ቢወድቅ አንዱ ይቆማል፤ የሚያስፈልገኝ ከኮሌጁ ትንሽ የድጋፍ ወረቀት ነው" አለኝ። ሁለት መረብ የጣለ ባዶ እጁን አይገባም ብዬ ነው። ወረቀቱ ከርሞ ከርሞ ለቁም ነገር ዋለ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ጭምብሉን ከግንባሩ አወለቀ። ያለ እሱ ሲታይ ሰውየው ያንሳል።

«ብነግርዎ ይጠይቁኛላ! መቼ፣ የት፣ ማን እያየ። እኔ የማውቀው ብረት ነው። እርስዎ ቢሮ በገባሁ ቁጥር ያልሰረቅሁትን የሰረቅሁ ይመስለኛል።» አሳለ፤ እስኪያልፍለት ጠበቀችው። «አበላሸሁት?»

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለን። አንተ ለሌላ ለማንም ምንም አትስጥ፤ እሳትም ቢጠይቅህ።»

የስረዛ ደብዳቤውን በአራት መስመር ጻፈችው፤ በዚህ ቁጥር የሚታወቀው ደብዳቤ በክፍሌ ስህተት ያለ ቀንና ያለ ፕሮጀክት ስም የወጣ በመሆኑ ከዛሬ ጀምሮ የማይሠራ ነው የሚል። ፊርማ ያስፈልጋል። ዲኑ የሚመለሰው ሰኞ ነው። ጸሐፊዋ ነገሩን ስትሰማ አዘነችላት፤ መሳቢያዋን ስባ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን አወጣች።

«በይ፣ እዚህ ላይ አትሚው። ማን ያያል?»

ወንፊት እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ማህተሙ ሰማያዊ ነው፣ ጥርት ያለ። በዚያ ወረቀት ላይ ቢታተም ጉዳዩ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

«አይ» አለች በመጨረሻ። «የተበላነው በዚሁ ነው። ነገ ሰውየው ሐሰት ነው ቢል ምን ይዤ እቆማለሁ?»

ሐሙስ ጠዋት ምክትል ዲኑን ከስብሰባ መሃል አስጠራችው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አነበበ። እንደገና አነበበ። ሁለተኛውን ጊዜ አልወደደችለትም፤ ዓይኗ ስልክ በያዘው እጁ ላይ ነበር።

«"በክፍሌ ስህተት" ብለው ጽፈዋል» አላት። «ምክንያት አልጠየቁንም። ሐረጉን ማውጣት ይችላሉ።»

«እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እጠይቃለሁ።»

«መዝገብዎ ላይ ይገባብዎታል እኮ።»

«ይግባ።»

ፈረመ። የፈረመው ባለ ቦርሳው ለሷ ከተወላት ጋር አንድ ዓይነት በሆነ የሚያብረቀርቅ እስክሪብቶ ነው። ወንፊት አየች፤ ሰዓቱን ጻፈችው።

ደብዳቤውን በኢሜይልም ላከች፣ በእጇም ይዛ ሄዳ ለድርጅቱ መዝገብ ቤት አስረከበች፤ የተቀባዩን ፊርማ ይዛ ተመለሰች። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ቢጫው መስመር እዚያው ነበር። ዓርብ ጠዋትም ነበር። ጭምብል ማስተማሩን ለረዳቱ ትቶ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳል፤ ልታባርረው ግን አላስቻላትም። አራት ሰዓት ላይ ገጹን ስትከፍተው ቢጫው የለም። ገጹን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። የለም። ጭምብልን በመስኮቱ ጠርታ፣

«ሂድ አስተምር» አለችው። እሱ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሁለት ገምጋሚዎች ሜትር ይዘው መጡ። የለኩት ክፍል ከሷ መዝገብ የተለየው በሁለት ሳንቲ ሜትር ነው፤ እሷም ሁለቱ ሳንቲሞች ከየት እንደመጡ ካላወቀች አልለቅም ብላ አስደግማ አስለካቻቸው። ድጋፉ ተፈቀደ። ጭስ መሳቢያው ተርሙ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ተገጠመ፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ ቀዩን ማስታወቂያ ራሱ አነሳ።

ባለ ቦርሳው ዳግመኛ አልታየም። ምን ሊያደርግ እንደነበር በትክክል የሚያውቅ የለም። ምክትል ዲኑ «ምስኪን ነው፤ ደንቡን ሳያነብ ነው» ይላል። ወንፊት «ደንቡን ያላነበበ ሰው የሚፈልገውን ደብዳቤ በዓይነቱ አይጠራም» ትላለች። ከዚያ ወዲያ የሚወጣ የድጋፍ ደብዳቤ ሁሉ ቀን አለው፤ የአመልካች ስም አለው፤ ማመልከቻው በሚዘጋበት ዕለት የራሱ ዕድሜም ያበቃል።

የቀድሞዎቹን ሰባት ግን ማሳደድ ነበረባት። አንዱ ተሰርዟል። አራቱን አገኘች፤ አንዱ ከመስታወት ሥር ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ተነጥፎ፣ ሁለቱ በወጉ በፋይል ውስጥ። ሁለት ቀሩ። የእንጨት ሥራ ክፍል ኃላፊው ጨርሶ አልወሰድኩም ይላል፤ የተቀበለበት ፊርማ ግን መዝገቡ ላይ አለ። ሌላኛው ኃላፊ ጡረታ ወጥቷል፤ ባለቤቱ አሮጌ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ለባለ ሱቅ ሰጥቻለሁ አለች። ምናልባት ስኳር ተጠቅልሎበት ይሆናል። ምናልባትም አልተጠቀለለበትም።

ስለሷ ልጽፍ መሆኑን ስነግራት ሥራዋን ሳታቆም «ማን ያነበዋል?» አለችኝ። ብዙ ሰው፣ አልኳት። መቀሱን አስቀመጠች።

«እንዲያ ከሆነ ይህንን ጻፍልኝ። የኮሌጃችን ማህተም ያለበት፣ "ከአመልካቹ ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ ነን" የሚል፣ ቀን የሌለው ወረቀት እጃችሁ የገባ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጠቀሙበት። አትቅደዱትም፤ መቅደዳችሁን በምን አውቃለሁ? ፎቶ አንስታችሁ አትላኩልኝ፤ እሱም ሌላ ቅጂ ነው። ወረቀቱን ራሱን አምጡልኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመጋዘኑ አጠገብ። እኔን ማየት ካልፈለጋችሁ በበሩ ሥር አሾልኩት። ማን እንደሰጣችሁ አልጠይቅም።»